«ደህና አደረ» አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ብዙ ጊዜ የማነበው ከሌሊት ዱቲ ወጥቼ፣ እንቅልፍ እስኪመጣልኝ ነው። ባለፈው እትም የአንባብያን ገጽ ላይ የወጣውን የአንድ አባት ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፌ ጠፋ። የእኚህ አባት ልጅ ነርሲንግ ልትማር ኮሌጅ ገብታለች። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ኮርስና አንድ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ አለ። አባትየው ልጃቸው መርፌ መውጋት ልትማር ሄዳ ልብ ወለድ ስታነብ ማየታቸው አሳዝኗቸዋል። ጊዜና ገንዘብ ስለሚያባክኑ ሁለቱም ኮርሶች ይሰረዙ ብለዋል።

እኔ ነርስ ነኝ። 23 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በቀዶ ሕክምና ክፍል። አሁን የሌሊት ፈረቃ አስተባባሪ ነኝ፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እከታተላለሁ። አባትየውን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። የልጁን ወጪ የሚሸፍን ወላጅ እያንዳንዷ ኮርስ ለምን እንደምታስፈልግ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። እኔም መልሱን ከዋርድ ውስጥ ሆኜ ልስጥ።

ሰዎች ነርስ ምን ትሠራለች ብለው ሲያስቡ መርፌ፣ ክኒንና ቁስል ማጠብ ይታያቸዋል። ልክ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ እንጽፋለንም። ሙቀት ለክተን እንጽፋለን። መድኃኒት ሰጥተን እንጽፋለን። ድሬኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) ውስጥ ምን ያህል ፈሳሽ እንደተጠራቀመ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል እንጽፋለን። ታካሚው ያለንን እንጽፋለን። ሲነጋ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያየነውን በጥቂት ደቂቃ ለተረካቢዎቹ እናስረክባለን። ከዚያ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እኛ ተኝተን ሳለ እዚያ ዋርድ ውስጥ ከእኛ የሚቀረው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነው።

ቻርቱ፣ ማለትም የታካሚው የሕክምና መዝገብ ላይ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የርክክብ ደብተሩ ግን እንደየሰዉ ነው፤ በተለይ ጥድፊያ ሲኖር በምንነጋገርበት ቋንቋ ይጻፋል። አንድ ቀን ጠዋት ስረከብ ደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «አልጋ 6፣ ትናንት ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ደህና አደረ። ሽንት አለ።»

«አለ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲጠብቅ መኖርን ይናገራል። ሲላላ ሰውየው ተናገረ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እኔ አጥብቄ አነበብኩት። ሽንቱ እየወጣ ነው፣ እንግዲህ ችግር የለም ብዬ ወደ አልጋ 7 አለፍኩ። ጸሐፊዋ ግን አላልታ ነበር የጻፈችው። ሰውየው ሊነጋጋ ሲል ጠርቷት «ሽንት» ብሏት ነበር። መጥቶበታል፣ ግን አልወጣ ብሎታል። በዚያው ቅጽበት ሌላ አልጋ ላይ ድንገተኛ ነገር ተፈጠረና ወደዚያ ሮጠች። ስትመለስ የሰማችውን በሁለት ቃል ጻፈችና አስረክባ ወጣች።

ከአራት ሰዓት በኋላ ወደ አልጋ 6 ስደርስ ሰውየው በላብ ርሷል። አንሶላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል። ከእምብርቱ በታች ስነካው ጠጥሯል። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ስናስገባ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ትንፋሹ ሲመለስለት «ለምን አልጠሩንም?» አልኩት። «ነግሬያት ነበር እኮ። አውቃችሁታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ።

ሰውየው ድኖ ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔ ግን ያንን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሱ ነግሮናል። በእሱ በኩል የሚጠበቅበትን አድርጓል። ቃሉ እኛ ጋ ደርሶ ነው የጠፋው። ያቺ ነርስ ደግሞ ሰነፍ አልነበረችም። ደም ሥር አልገኝ ያለው ሕፃን ሲመጣ የምንጠራው እሷን ነበር። እጇ ድንቅ ነው። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሽንቴ መጥቷል ብሎ ጠርቶኛል፤ አልወጣለትም፤ ከኦፕራሲዮን ከወጣ ጀምሮ አልሸናም።» ይህን ለመጻፍ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ግን አንድ ሰው ቀድሞ ሊያስተምራችሁ ይገባል። የጻፍኩትን የሚያነበው ሰው እኔ አይደለሁም፣ እኔ የማውቀውን አያውቅም ብሎ ማሰብ በተፈጥሮ የሚመጣ ነገር አይደለም። ይለመዳል። የሚለመደው ደግሞ ጽፎ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ «አልገባኝም» ሲባል ነው።

እኔ ይህን የጀመርኩት ኮሌጅ ውስጥ፣ እኚህ አባት ይሰረዝ ባሉት ኮርስ ነው።

የጽሑፍ መምህራችን የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሲሰጡን «የሚጠብቅ ሰው ፈልጉ» አሉን። ወረፋ የሚጠብቅም ይሁን፣ አውቶቡስ የሚጠብቅም ይሁን። ቆመን አይተን አንድ ገጽ እንጽፋለን። አዘነ፣ ተናደደ፣ ተጨነቀ ማለት ክልክል ነው። እኔ ሆስፒታል በር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ አይቼ «ሴትዮዋ በጣም ተጨንቃለች» ብዬ ጀመርኩ። ክልክሉን ረስቼ አይደለም፤ ሌላ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩ ነው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከዓረፍተ ነገሩ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ምን አየሽ?» ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ «ምን አየሽ?» ተባልኩ። በሦስተኛው እንዲህ መጣልኝ፦ «የቀጠሮ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች። ቀኑን በጣቷ ተከትላ አነበበች። መልሳ ከተተችው። ትንሽ ቆይታ እንደገና አወጣችው።» ይህን ሳስረክብ መምህሩ ከታች አንዲት መስመር ብቻ አሰመሩበትና ዝም አሉ። የዚያን ቀን ደስታዬ አይነገርም።

ሌላው ቀይ ጥያቄያቸው «ማን?» ነበር። አማርኛችን ሠሪውን ለመደበቅ ምቹ ነው። ግሡ ላይ አንዲት «ተ» ከጨመርን ማን እንዳደረገው አይታወቅም። ተሰጥቷል። ታይቷል። ተነግሯል። እኔ ድርሰቴ ሁሉ በዚህ የተሞላ ነበር፤ የተማረ ሰው አጻጻፍ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ በእያንዳንዱ ላይ «ማን?» ይላሉ። ዛሬ እኔም የተማሪዎቼ ማስታወሻ ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው። «ለሐኪም ተነግሯል» የሚል ሳይ ለየትኛው ሐኪም? በስንት ሰዓት? ማን ነገረው? ምን መለሰ? እላለሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ ለመወንጀል አይደለም። ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት ለማን መደወል እንዳለብን ለማወቅ ነው።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርስነት ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ ተቆጥታ ጽፋለች። ታካሚው ሌሊቱን እንዴት አደረ ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም ትላለች። አንዱ ታካሚ ሳይነቃ አሥር ሰዓት ካልተኛ መጥፎ ሌሊት አሳለፍኩ ይላል። ሌላው አልፎ አልፎ ካሸለበ ደህና ነው ያደርኩት ይላል። ስለዚህ ስንት ሰዓት ተኛ፣ የትኞቹን ሰዓታት ተኛ ብላችሁ ጠይቁ ትላለች። ናይቲንጌልን ብዙ ሰው የሚያውቃት ፋኖስ ይዛ በሌሊት ስትዞር ነው። እሷ ግን ብዕሯም የሥራ መሣሪያዋ ነበር። ወታደሮች ከቁስል ይልቅ በበሽታ እንደሚያልቁ ባለሥልጣናቱን ለማሳመን ሪፖርት ጽፋለች፣ ቁጥሮቹን በሥዕል አስቀምጣለች። ያየችውን መጻፍ ባትችል ኖሮ ያየችው ሁሉ ከእሷ ጋር በቀረ ነበር።

በዘመናችንም ነገሩ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 9 ሆስፒታሎችን ተከታትሏል። በሕፃናት ሕክምና የሚሠለጥኑ ሐኪሞች ታካሚ ሲረካከቡ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚጽፉ በሥርዓት ተማሩ። በጠቅላላው ታካሚዎች ሆስፒታል የተኙባቸው 10,740 አጋጣሚዎች ታይተዋል። ከሥልጠናው በኋላ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀነሰ። ታካሚ ላይ የሚደርስ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፤ የተቀየረው ሰዎቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ቃል ነው። ሥልጠናው የልብ ወለድ ንባብ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን ዓረፍተ ነገር የሰው ጤና እንደሚያተርፍ ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ ይመስለኛል።

ልጆቻቸው ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ወላጆችም ይህ አይመለከተንም አይበሉ። ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ የኮሎምቢያን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ስትወነጨፍ አንድ የፎም (ስፖንጅ መሰል ሽፋን) ቁራጭ ተገንጥሎ ግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች ጉዳዩን አጥንተው ለኃላፊዎች በፓወርፖይንት አቀረቡ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ከስላይዶቹ በአንዱ ላይ ረዘም ያለ ትችት ጻፈ። «ጉልህ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል እዚያች አንዲት ገጽ ላይ አምስት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ምን ያህል ጉልህ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ቦርዱ ያንን ስላይድ ያነበበ ኃላፊ የሰዎች ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑ ባይገባው አይገርምም ብሏል። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እኔ ያሰብኩት ስለ አልጋ 6 ነው። እነሱ «ጉልህ» አሉ፣ እኛ «ደህና» አልን።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፉ ልምጣ። የጽሑፉ ኮርስ ጥቅም ቶሎ ይታያል። ልብ ወለድ ማንበቡ ነው ሰዉን የሚያከራክረው። አባትየውንም ይበልጥ ያስቆጣቸው እሱ ነው።

በእኛ ጊዜ ከተመደቡልን ንባቦች አንዱ የሩሲያዊው ደራሲ የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ አጭር ልብ ወለድ ነው። አንድ ዳኛ ይታመማል። እየሞተ ነው። ቤተሰቡም ሐኪሞቹም ግን ትንሽ እንደታመመና ቶሎ እንደሚድን አድርገው ያወሩታል። ሰውየውን ከሕመሙ በላይ የሚያሠቃየው ይህ ውሸት ነው። ከሁሉም የሚያሳርፈው ጌራሲም የሚባል ወጣት አገልጋይ ነው። ጌራሲም አይዋሽም። ሌሊቱን ተቀምጦ የታማሚውን እግር ትከሻው ላይ ከፍ አድርጎ ይይዝለታል፤ እንዲያ ሲያደርግለት ሕመሙ ይቀልለታል።

ክፍል ውስጥ ተጨቃጨቅን። አንዱ ልጅ ቤተሰቡ የሚዋሸው ስለሚወደው ነው አለ። ሌላዋ ስለሚያፍሩበት ነው አለች። የሥነ ጽሑፍ መምህርታችን ማንንም አልደገፉም። «የት ላይ አነበብከው? ገጹን አውጣና አንብብልን» ይሉ ነበር። ልጁ ገልጦ ሲፈልግ ያሰበው ቃል እዚያ የለም። ሌላ ነገር አገኘ፣ ሐሳቡን አስተካከለ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ስለ ሰው ልብ ከመናገሬ በፊት ማስረጃዬን እንድፈልግ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ታካሚ አስቸጋሪ ነው ሲሉኝ ዛሬም ምን አደረገ? ምን አለ? ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ «አስቸጋሪ» የተባለው ሰው ሕመም ያለበት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ከዓመታት በኋላ ካንሰር የነበረባቸው አንድ አዛውንት ክፍላችን ተኙ። ልጆቻቸው እንዳንነግራቸው ለመኑን። ቀን ቀን አልጋቸውን ከበው ሲስቁና ሲያጫውቷቸው ይውላሉ። አንድ ሌሊት ግሉኮሳቸውን ልቀይር ስገባ እጄን ያዙና «ልጄ፣ አንቺም እንደነሱ ነሽ?» አሉኝ።

ነርሲንግ ሲያስተምሩኝ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ አልነበረም። ስለ ምርመራ ውጤት የመናገር ኃላፊነት የሐኪሙ ነው፤ እኔ ተነስቼ ልነግራቸው አልችልም። «ኧረ አባቴ፣ ደህና ነዎት» ብዬ መውጣት ግን በጣም ቀላል ነበር። በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ ጌራሲም ነው፤ እግሩን ይዞ ሲቀመጥ። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። «አባቴ፣ ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ በሽታቸው ሳይሆን ስለ አንድ ልጃቸው ጠየቁኝ። ከተጣሉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሩቅ ነው ያለው። ጊዜ ካላቸው ሊቆዩት፣ ከሌላቸው አሁኑኑ ሊጠሩት ይፈልጋሉ። ማወቅ የፈለጉት ይህንን ነበር። ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፍኩ። ጠዋት ለሐኪሙ አነበብኩለት። እሱም ልጆቹን አነጋግሮ፣ ከአዛውንቱ ጋር ተቀምጦ እውነቱን ነገራቸው። ያ ልጅ መጣ።

እንግዲህ ይህንን የትኛው ፈተና ይለካዋል? አላውቅም። ልብ ወለድ ማንበብ የሰውን ስሜት የመረዳት ችሎታ ወዲያው ያሻሽላል የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያንን ውጤት አላገኙም። ስለዚህ በእሱ አልከራከርም። ሁለት ገጽ አንብቦ ደግ የሆነ ሰው እኔም አላየሁም። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። ያ መጽሐፍ እኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሰው ሲሞት አጠገቡ ቆሜ ሳላውቅ፣ የሚሞት ሰው በውስጡ ምን እንደሚል አሰማኝ። ከታካሚዎቼ አንዱም ይህን ዘርዝሮ ሊነግረኝ አይችልም ነበር። አቅሙ የለውም። ሰዓቴም አይፈቅድም።

የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይህ ከገባቸው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ ውስጥ የፔን ስቴት ሕክምና ኮሌጅ ጆአን ትራውትማን የተባለች የሥነ ጽሑፍ መምህርት ቀጠረ። በ2000 ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሐኪሟ ሪታ ሻሮን የትረካ ሕክምና (የሕክምና ሰዎች የታካሚን ታሪክ ማዳመጥና መጻፍ የሚማሩበት) ፕሮግራም መሠረተች። እሷ ራሷ ከሕክምናው ሌላ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት አላት። ተማሪዎቿ ከሆስፒታሉ ቻርት ጎን ሌላ ቻርት በተራ ቋንቋ እንዲጽፉ ታደርጋለች፤ እዚያ ላይ ስለ ታካሚያቸው ያሰቡትን፣ የፈሩትን፣ ያዘኑበትን ይጽፋሉ። እኔም ለልምምድ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር በትንሹ ሞክሬዋለሁ። ከዱቲ በኋላ ስለ አንድ ታካሚ አሥር መስመር ይጽፋሉ፣ እናነባለን። ባነበብን ቁጥር አንዳችን ያላየነውን ሌላችን አይተነው እናገኛለን።

አባትየው በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ይህን ሳልል ባልፍ አግባብ አይሆንም። እነዚህ ኮርሶች በብዙ ቦታ የሚሰጡት በመጥፎ ሁኔታ ነው። መቶ ተማሪ አንድ አዳራሽ ይታጨቃል። መምህሩ የድርሰት ዓይነቶችን ከነትርጓሜያቸው ያስጽፋል። ተማሪው ይሸመድዳል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ተማሪው አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ የጽሑፍ ኮርስ ኤ አግኝቶ ይወጣል። በሥነ ጽሑፉም እንዲሁ ነው። መጽሐፉን ሳያነብ ጭብጡን በቃሉ ይዞ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ኮርስ ልጄ ብትወስድ እኔም እናደድ ነበር። ግን የማዋለጃ ክፍል ቢቆሽሽ እናጸዳዋለን እንጂ አንዘጋውም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙም የረቀቀ አይደለም። ክፍሉ ይነስ። ተማሪው ደጋግሞ ይጻፍ። መምህሩ አንብቦ ይመልስለት፤ ተማሪውም ያንኑ ጽሑፍ አስተካክሎ መልሶ ይስጥ። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ሠላሳ ወረቀት ማረም ቅዳሜና እሑድን ይበላል። ስለዚህ የጽሑፍ መምህራን የሚሰጣቸው የክፍል ብዛት ይህን ያገናዘበ መሆን አለበት። ደግሞም ጽሑፍ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አይቅር። ኤምአይቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚገቡ ተማሪዎቹ መጻፍና መናገር ላይ ያተኮሩ አራት ኮርሶች እንዲወስዱ ይጠይቃል። ሁለቱ በሰብዓዊና በማኅበራዊ ትምህርቶች፣ ሁለቱ በራሳቸው የሙያ መስክ ውስጥ ናቸው። ለነርስም እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። በአንዱ ልብ ወለድ ታንብብ፤ በሌላው ደግሞ የርክክብ ማስታወሻ ትጻፍ።

ስለ ቻትጂፒቲም ማንሳት አለብኝ፤ አባትየው «ዘንድሮ ኮምፒውተር ይጽፍ የለም ወይ» ብለዋልና። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ተማሪዎቼም ይጠቀሙበታል። አልቆጣቸውም። የተጻፈን ጽሑፍ ሰዋስው ያስተካክላል፣ ያሳጥራል። ባለፈው አንድ ተማሪ በእሱ የጻፈውን የታካሚ ማስታወሻ አሳየኝ። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ ግድፈት የለበትም። «ታካሚው በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ተገቢው ክትትል እየተደረገ ነው» ይላል። ተማሪውን ይዤ ወደ አልጋው ሄድኩ። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምሳው አልተነካም። ትናንት የሚያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ለሰላምታ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ይህ ሁሉ ማስታወሻው ላይ የለም። ማሽኑ አልጋው አጠገብ አልነበረም፤ ሊያውቅ አይችልም። ልጁ ግን ነበር። ምሳውን አይቷል፤ ማየቱን ግን አላስተዋለውም። ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያስተውለው ነበር ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው «ምን አየሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ያንን ጥያቄ ለማሽን ከሰጠነው ከአልጋው አጠገብ ቆመን ምን እያደረግን ነው?

ውድ አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬ ረዘመ፤ ይቅርታ። ለዚያ አባት የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ልጅዎ የጻፈችውን ወረቀት ከነቀይ እርማቱ አምጥታ እንድታሳይዎ ይጠይቋት። እንድታነብልዎ ያድርጉ። መሐል ላይ ካልገባዎት ያስቁሟትና «ማን?» ይበሏት፣ «መቼ?» ይበሏት። ልምምድ የምትወጣበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ወደ እኛ ክፍል ብትመደብ በደስታ እቀበላታለሁ። ደም ሥር ማግኘት በሁለት ሳምንት ትለምደዋለች፤ እጇን ይዤ አሳያታለሁ። የመጀመሪያ ሌሊቷን ማስታወሻ ግን ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ተረካቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ አስታውቄያለሁ)